የጠፈር ስንቅ መደበቅ ቀላል ነው፤ ጭንቁ መልሶ ማግኘቱ ላይ ነው

ከእኛ 7.4 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ጁፒተርን የሚያክል አንድ አካል ለብቻው ይንሳፈፋል። ዋይዝ 0855 ይሉታል። ኮከብ እንዳይባል አይነድም። ፕላኔት እንዳይባል የሚዞረው ፀሐይ የለውም። ከፀሐያችን ጎረቤቶች መካከል በቅርበት አራተኛ ነው። እንዲህም ሆኖ የሰው ልጅ መኖሩን ያወቀው በ2014 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዋይዝ የተባለው፣ ዓይን የማያየውን የሙቀት ብርሃን (ኢንፍራሬድ) የሚያይ የናሳ ቴሌስኮፕ ሰማዩን ደጋግሞ ፎቶ ባያነሳው ኖሮ ዛሬም ላናውቀው እንችል ነበር።

ይህን ያነሳሁት በሳይንሳዊ ልቦለድ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ አንድ ነገር ልጽፍ ስለፈለግኩ ነው። በከዋክብት መካከል፣ በዚያ ማለቂያ በሌለው ጨለማ ውስጥ ስለተደበቀ የስንቅ መጋዘን። ውስጡ ነዳጅ አለ፣ ምግብ አለ፣ መለዋወጫና መድኃኒት አለ። አንዱ ወገን ይደብቀዋል፣ ሌላው ያስሰዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጠላት አንድ ቁልፍ ይጫንና መጋዘኑ ስክሪን ላይ ብቅ ይላል። ታሪኩ እዚያው ይሞትብኛል። ጁፒተርን የሚያክል ጎረቤት እስከ 2014 ከተደበቀን፣ አንድ መቶ ሜትር የማይሞላ ቀዝቃዛ ሳጥን እንዴት በአንድ ቁልፍ ይገኛል?

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። በከዋክብት መካከል መደበቅን ጠፈሩ ራሱ ይሠራልናል። መጋዘኑ የሚጋለጠው የገዛ ወገን ስንቁን ሊወስድ ሲመጣ ነው። ይህን የተረዳ ጸሐፊ እጁ ላይ ትልቅ ታሪክ አለ።

ጨለማው ምን ያህል ይደብቃል?

ጠፈር ላይ ያለ ነገር የሚታየው በሁለት መንገድ ነው። ወይ የሌላን ብርሃን ያንጸባርቃል፣ ወይ የራሱን ሙቀት ይረጫል።

ነጸብራቁ ከፀሐይ ራቅ ሲሉ ቶሎ ይሞታል። ብርሃኑ ሲሄድም ሲመለስም ይሳሳል። ስለዚህ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚታየው ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ኦሙዋሙዋን አስታውሱ። ከሌላ ኮከብ መጥቶ በሥርዓተ ፀሐያችን ሲያልፍ የታየ የመጀመሪያው እንግዳ ነው። በ2017 ከሜርኩሪ ምህዋር ወደ ውስጥ ገባ፣ ፀሐይ አጠገብ ታጥፎ ወጣ፣ ኦክቶበር 14 ላይ ምድርን በ24 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አለፋት። ሃዋይ ያለው የፓን-ስታርስ ቴሌስኮፕ ያየው ኦክቶበር 19 ነው። እንግዳው ቤት ገብቶ፣ ወጥቶ፣ መንገድ ከጀመረ በኋላ ማለት ነው። በጁላይ 2025 የተገኘው ሦስተኛው እንግዳ፣ 3አይ/አትላስ፣ ሲታይ ከጁፒተር ይልቅ ለፀሐይ ቀርቦ ነበር። አሁን ቺሊ ውስጥ ሥራ የጀመረው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ 3,200 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዞ ሰማዩን በየጥቂት ሌሊቱ ያስሳል። ብዙ አዲስ ነገር ያሳየናል ብዬ ከልቤ እጠብቃለሁ። እሱም ቢሆን የሚያየው በአብዛኛው ፀሐይ ያበራችለትን ነው። በከዋክብት መካከል ደግሞ ቅርብ ፀሐይ የለም።

ሁለተኛው መንገድ ሙቀት ነው። እሳት ካለ ጭስ አይጠፋም፤ የጠፈር ጭሱ ኢንፍራሬድ ነው። የሳይንሳዊ ልቦለድ አፍቃሪዎች «ጠፈር ላይ መደበቅ የሚባል ነገር የለም» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። ዙሪያው 2.7 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ብቻ ስለሆነ ትንሽ የሞቀ ነገር ሁሉ ጎልቶ ይወጣል ይላሉ። ሰው ለተሳፈረባት፣ ሞተሯ ለሚነድ መንኮራኩር ልክ ናቸው። ለተኛ መጋዘን ግን አይሠራም። እስቲ እናስላው።

ሰዓቱ ብቻ የሚሠራ፣ ኮምፒውተሩ በግማሽ ዓይን የተኛ መጋዘን እንውሰድ። ጠቅላላ ሙቀቱ 100 ዋት ነው። የተቀመጠው ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 1,000 እጥፍ ርቆ ነው። ፈላጊው ደግሞ ዛሬ ካሉን ሁሉ የበረታውን ዓይን፣ የጄምስ ዌብን ቴሌስኮፕ ይዟል፤ መስተዋቱ 25 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ ሁሉ 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ባለ ኢንፍራሬድ ቢወጣ፣ መስተዋቱ ላይ የሚያርፈው ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) በወር አንድ ያህል ነው። በወር አንድ! ያቺም ብትሆን ቴሌስኮፑ በትክክል ወደዚያች ነጥብ ዞሮ ወር ሙሉ ካፈጠጠ ነው። ከጀርባ ያለው የሰማይ ብርሃን ደግሞ ያሰጥማታል። 1,000 እጥፉ ርቀት ትልቅ ቢመስልም እስከ ቅርቡ ኮከብ፣ እስከ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ ካለው መንገድ ከ260 አንዱን እጅ አይሞላም።

ጄምስ ዌብ ለደባቂውም ትምህርት አለው። የቴኒስ ሜዳ የሚያህል ባለ አምስት ድርብ ጃንጥላ ዘርግቶ የፀሐይን ሙቀት ወደ አንድ ጎን ይመልሳል። ከጃንጥላው ጀርባ ያለው መስተዋት ከ50 ኬልቪን ገደማ አይበልጥም። ጠላቱ በየት በኩል እንዳለ የሚያውቅ ደባቂም በዚሁ ዘዴ ሙቀቱን ወደ ሌላኛው ጎን መትፋት ይችላል።

መሃል መንገድ ላይ ማደያ የለም

ብዙ ጸሐፍት መጋዘኑን በሁለት ከዋክብት እኩሌታ ላይ ያቆሙታል። ካርታ ላይ ሲያዩት ያምራል። በፊዚክስ ግን አያዋጣም።

በብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ የምትበር መርከብ እያንዳንዷ ኪሎ ግራም ከ100 ሺህ ቶን በላይ ቲኤንቲ የሚያህል ጉልበት ተሸክማለች። ሂሮሺማ ላይ የተጣለውን ቦምብ ሰባት እጥፍ ማለት ነው፤ በአንድ ኪሎ። ቆሞ የሚጠብቅ መጋዘን ጋ ለመቆም ይህን ሁሉ ጉልበት መጣል አለባት። ስንቁን ከጫነች በኋላ ደግሞ እንደ አዲስ መፍጠን አለባት። ቆማ ከምታገኘው ነዳጅ ይልቅ ለመቆምና ለመነሳት የምታቃጥለው ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ለመጋዘን የሚሆን ቦታ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው የመድረሻው ኮከብ ዳርቻ ነው። መርከቧ እዚያ መቆሟ ስለማይቀር ለመጋዘኑ ብላ የምትከፍለው ተጨማሪ ነገር የለም። ሁለተኛው አብሮ የሚበር መጋዘን ነው። ከመርከቧ ዓመታት ቀድሞ ይወነጨፋል፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ይጓዛል፣ እሷ ትንሽ ትፈጥንና ትደርስበታለች። እንደ ታሪክ የኋለኛው ይማርከኛል። ብሬክ የለም፣ እሳት የለም፣ ሁለት ጨለማዎች ጎን ለጎን ይበራሉ። ክፉነቱ ስሌት አይምርም። ሲወነጨፍ የፍጥነቱ ስሌት በሰከንድ በአንድ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ከ50 ዓመት በኋላ መጋዘኑ ይገኛል ከተባለበት ቦታ 1.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው የሚገኘው።

የመጀመሪያውን የመረጠ ጸሐፊ ደግሞ ብሬኩን ማሰብ አለበት። 1,000 ቶን የምትመዝን መርከብ ከዚያ ፍጥነት በአንድ ዓመት ውስጥ ብትቆም፣ የምትጥለው ጉልበት የዓለም ሕዝብ ዛሬ በዓመት ከሚጠቀመው ኃይል ሁሉ ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። በአማካይ 14 ትሪሊዮን ዋት ይሆናል። ይህ ሁሉ በኢንፍራሬድ ቢረጭ፣ አንድ ሙሉ የብርሃን ዓመት ርቆ የተቀመጠ የጄምስ ዌብ ዓይነት ቴሌስኮፕ በሰከንድ ከአሥር በላይ ፎቶን ይሰበስባል። በወር አንድ ከነበረው ጋር አስተያዩት። ሌላም አለ። ወደፊት እየበረረ የሚቆም ሞተር እሳቱን የሚተፋው ወደፊት ነው። ወደፊት ያለው ደግሞ መድረሻው ኮከብ ነው። ጠላት እዚያ ካለ ነበልባሉ ፊት ለፊት ዓይኑ ውስጥ ይገባል። መርከቧ የምትቆምበትን ቦታ በራሷ እሳት እየጠቆመች ትመጣለች።

ውቅያኖስ ላይ የሆነው

ይህ ነገር ምድር ላይ ተሞክሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ለአትላንቲክ ሰርጓጅ መርከቦቿ ተንሳፋፊ መጋዘን ሠራች። ዓይነት 14 የሚባሉ፣ ወታደሮቹ «የወተት ላሞች» የሚሏቸው ሰርጓጆች ነበሩ። ቶርፒዶ ማስወንጨፊያ አልነበራቸውም። ሥራቸው ነዳጅና ምግብ ይዘው ውቅያኖስ መሃል መጠበቅ ነው። ከ1942 ጀምሮ ተዋጊዎቹ ወደ ወደብ ሳይመለሱ ሳምንታት እንዲቆዩ አደረጉ። አትላንቲክ ሰፊ ነው። አንዲት ሰርጓጅን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር።

ግን ሁለት መርከቦች እንዲገናኙ መነጋገር አለባቸው። የትና መቼ የሚለው በሬዲዮ ይላካል። እንግሊዞች ብሌችሊ ፓርክ ላይ ኤኒግማ የተባለውን የጀርመን የምስጢር መጻፊያ መሣሪያ ኮድ ፈተው መልእክቶቹን ያነቡ ነበር። ያልተፈታ መልእክት እንኳ ከየት አቅጣጫ እንደተላከ የሚለዩ መሣሪያዎች የተባበሩት ኃይሎች መርከቦች ላይ ነበሩ። በ1943 በጋ የአሜሪካ አውሮፕላኖች መገናኛ ቦታዎቹን ማደን ጀመሩ። ከተሠሩት 10 የወተት ላሞች 10ሩም ሰመጡ። ውቅያኖሱ ደብቋቸው ነበር፤ ቀጠሮው አጋለጣቸው።

ስለዚህ የጠፈር መጋዘን ታሪክ ስጽፍ የማስበው ስለ ጠላት ቴሌስኮፕ ከማስበው በላይ ስለ ቀጠሮው ነው። ቦታውን ስንት ሰው ያውቃል? በምን ተነገራቸው? አንዱ ቢያዝስ? እኔ ብሆን ምስጢሩን እከፋፍለዋለሁ። ቦታው ለአንዱ፣ ቀኑ ለሌላው፣ መጋዘኑን የሚቀሰቅሰው ኮድ ለሦስተኛው። ሦስቱ ካልተገናኙ ስንቁ የለም። ሦስት የሚጠራጠሩ ሰዎች በአንዲት መርከብ ውስጥ ቁጭ ብለው አስቡት።

የወገን ፍለጋ

ቀን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠፈር ላይ ቦታ ያለ ቀን ትርጉም የለውም። ሁሉም ይንቀሳቀሳል። የባርናርድ ኮከብ በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ እኛ እየቀረበ ነው። በ300 ዓመት ውስጥ ይህ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 7,000 ጊዜ ያህል ይሆናል። የአያት ቅድመ አያቱን ካርታ ይዞ የወጣ ጀግና ካርታው የተሳለበትን ቀን ካላወቀ ባዶ ጨለማ ላይ ይደርሳል።

ራስን ማግኘቱ የሚቻል ነገር ነው፤ ናሳ ሞክሮታል። ፐልሳሮች እንደ ሰዓት የማይዛነፍ ምት ያላቸው የሞቱ ከዋክብት ናቸው። በ1967 ጆስሊን ቤል በርኔል ካገኘቻቸው አሥር ዓመት በኋላ ቮዬጀር በተባሉት የናሳ መንኮራኩሮች ላይ በተለጠፈው የወርቅ ሸክላ የፀሐያችን አድራሻ በ14 ፐልሳሮች ተጻፈ። በኖቬምበር 2017 ደግሞ ናሳ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የፐልሳር ምት ብቻ እየለካ ጣቢያው የት እንዳለ በ16 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለየ። በ2020 ኒው ሆራይዘንስ የተባለው የናሳ መንኮራኩር ከ7 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ፕሮክሲማንና ዎልፍ 359ን ፎቶ ሲያነሳ ሁለቱ ከዋክብት ከምድር ከሚታዩበት ቦታ ፈቀቅ ብለው ታዩ። ያ መፈቀቅ ራሱ አድራሻ ነው።

መንኮራኩሯ ራሷ የት እንዳለች ማወቋ ግን መጋዘኑን አገኘች ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ቮዬጀር 2 ያስተማረንን እወደዋለሁ። በጁላይ 2023 የተሳሳተ ትእዛዝ ተላከለትና አንቴናው ከምድር በ2 ዲግሪ ዞረ። ሁለት ዲግሪ ብቻ፤ ወሬው ጠፋ። የት እንዳለ እናውቃለን፣ በየትኛው ሞገድ እንደሚያወራ እናውቃለን፣ ግን ዝም አለ። ካንቤራ ያለው ትልቁ አንቴና ጮክ ያለ ትእዛዝ ላከለት። ትእዛዙ እስኪደርስ 18 ሰዓት ተኩል፣ መልሱ እስኪሰማ ደግሞ ሌላ ያን ያህል ተጠበቀ። ኦገስት 4 ላይ ተመለሰ። ባይመለስ ኖሮም መንኮራኩሩ በዓመት ጥቂት ጊዜ ራሱን ወደ ምድር እንዲያስተካክል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቀጣዩ ቀን ኦክቶበር 15 ነበር።

ለመጋዘን የሚያስፈልገው ጠባይ ይህ ነው። ዝም ብሎ ያዳምጣል። ትክክለኛውን ኮድ ካልሰማ ትንፍሽ አይልም። ሲመልስም በሬዲዮ ዙሪያውን አይጮህም፣ በቀጭን የሌዘር ጨረር ወደ ጠሪው ብቻ ይመልሳል። ጠሪ ካልመጣ ደግሞ በተወሰነ ቀን ራሱ ይነቃና ለአጭር ጊዜ ይጣራል። ያ ቀን ጠላት ዘንድ ከደረሰ ምን እንደሚሆን ለጸሐፊው እተወዋለሁ።

ምልክት መትከልስ? የደቡብ ዋልታ ተጓዦች ነፍሳቸውን አስይዘው ያለፉበት ጥያቄ ነው። እንግሊዛዊው ስኮት ትልቁን የስንቅ መጋዘኑን 80 ዲግሪ ደቡብ ላይ ሊያኖር አስቦ ነበር። በፌብሩዋሪ 1911 ፈረሶቹ ሲደክሙበት ከዚያ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ቀድሞ ተወው። በሚቀጥለው ዓመት ማርች ላይ ከዋልታው ሲመለስ እሱና ሁለት ጓደኞቹ ከዚያ መጋዘን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀርቷቸው ድንኳን ውስጥ ሞቱ። በየመጋዘኑ ያስቀመጡት የነዳጅ ጣሳም ሲከፈት ጎድሎ ይገኝ ነበር። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

ኖርዌያዊው አሙንድሰን ሌላ ነገር አደረገ። በመጋዘኑ ግራና ቀኝ፣ መንገዱን በሚያቋርጥ መስመር፣ ለብዙ ኪሎ ሜትር ባንዲራ ተከለ። ባንዲራዎቹ ላይ ምልክት ስለነበረ አንዱን ያገኘ ሰው መጋዘኑ በየት በኩል እንዳለና ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል። አንዲት ነጥብ መፈለግ ቀረ፤ ረጅም አጥር መፈለግ ሆነ። ብልህነቱ ያስደንቀኛል።

የጠፈር ባንዲራም አለ። ብርሃን ሲበራበት ወደ መጣበት መልሶ የሚልክ መስተዋት ነው። በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያስቀመጠው እስከ ዛሬ ይሠራል። በዲሴምበር 2023 የናሳ መንኮራኩር ከጨረቃ ምህዋር ሌዘር ልኮ፣ ህንድ ጨረቃ ላይ ባሳረፈችው ቪክራም የተባለ መንኮራኩር ላይ የገጠመችውን 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት እንዲህ ያለ መስተዋት ከ100 ኪሎ ሜትር አገኛት። ባትሪ አትፈልግም፣ አትሞቅም፣ ካልተጠየቀች አትናገርም። በመጋዘኑ ግራና ቀኝ በሺዎች የሚቆጠሩ እነዚህን የበተነ ደባቂ የአሙንድሰንን አጥር ሠራ። ድክመቷ ለወዳጅም ለጠላትም እኩል መመለሷ ነው። ከሩቅም አትሠራም፤ የሌዘሩ ብርሃን ሲሄድም ሲመለስም ይሳሳልና።

ስንቁ ተገኘ እንበል። ገና አላለቀም። ለረጅም ዘመን በዚያ ቅዝቃዜ የተቀመጠ ለነዳጅ የሚሆን ሃይድሮጂን ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም፤ ከ14 ኬልቪን በታች ድንጋይ ይሆናል። 1,000 ቶን የረጋ ሃይድሮጂን ለማቅለጥ መርከቧ 100 ኪሎ ዋት ሙቀት መስጠት ከቻለች ሳምንት ይበቃታል። ተጎድታ 1 ኪሎ ዋት ብቻ የምትችል ከሆነ 22 ወር ይፈጅባታል።

አሳዳጁስ? መጋዘኑ ከመድረሻው ኮከብ በዚያው በ1,000 እጥፍ ርቀት ላይ ነው እንበል። ኮከቡ አጠገብ ያለው ጠላት ብሬኩ ሲነድ አይቶ፣ መርከቧ ከመቆሟ 11 ወር ገደማ ቀድሞ ተነሳ። በብርሃን ፍጥነት አንድ መቶኛ ቢበር መርከቧ ከቆመች 8 ወር ያህል ቆይቶ ይደርሳል። እሳቱ የጠፋበትን አካባቢ ያውቃል። ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን 10 እጥፍ ያህል ሲቀርብ ያቺ 1 ኪሎ ዋት በጄምስ ዌብ ዓይነት መስተዋት ላይ በደቂቃ ሁለት ሦስት ፎቶን ታሳርፋለች። እየቀረበ ሲሄድ ቁጥሩ ያድጋል። በሳምንት ያቀለጠችው መርከብ ያኔ ከሄደች ወራት ሆኗታል። የተጎዳችው ግን ገና ሲሶውን ነው ያቀለጠችው። ጸሐፊው የመርከቧን ሞተር በምዕራፍ አንድ ላይ ምን ያህል መጉዳት እንዳለበት የሚያሰላው ከነዚህ ቁጥሮች ተነስቶ ነው።